ርካሽ ጥገና የቱ ጋ ይሠራል? ስለሚተነፍስ ጭስ ማውጫ ለቀረበ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ያረጀ መኪና ጭስ ማውጫው ሲተነፍስ ጋራዥ ሳይገቡ በትንሽ ወጪ መድፈን ይቻላል የሚል አንድ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ጸሐፊው ዘጠኝ ነጥብ ያነሣሉ፤ ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ መተንፈሱ የድምፅ ጉዳይ ስለሆነ አያስቸኩልም፤ ቀዳዳው በእጅ ተዳብሶ ይገኛል፤ የለስላሳ ጣሳ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀበቶ) ማሰር የትም ቦታ ይሠራል፤ የጭስ ማውጫ ማጣበቂያ ወፈር ተደርጎ ከተለጠፈ ማንኛውንም ቀዳዳ ይደፍናል፤ በጋስኬት (በሁለት ብረት መካከል በሚገባ ማሸጊያ) ፈንታ ቀይ ሲሊኮን ይበቃል፤ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው የፊት ብረት) በኤፖክሲ ማጣበቂያ ይያያዛል፤ ከማርሚታው (ድምፁን ከሚያፍነው የኋላ በርሜል) ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ትደፈን፤ የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማ በሽቦ ይተካ፤ ብየዳ ካስፈለገ ደግሞ መኪናው ላይ እንዳለ ይበየድ።

መነሻቸው ላይ ክርክር የለንም። የተበላው አንድ ክንድ የማይሞላ ቧንቧ ሆኖ ሳለ ሙሉውን ጭስ ማውጫ አውልቆ መጣል ብክነት ነው። ክርክራችን ጽሑፉ ጭስ ማውጫውን ከሞተሩ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ ቧንቧ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ጫና ሲበዛበት ከማኒፎልዱ የሚወጣው ጋዝ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ኋላ ማርሚታው ጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ግፊቱም ረግቧል። ኋላ ላይ ዓመት የሚቆይ መላ ፊት ላይ አንድ ዳገት አያስወጣም። ዘጠኙንም ነጥብ በዚህ ዓይን ነው የምናየው።

1. «የድምፅ ጉዳይ ነው፣ አያስቸኩልም»

ከሁሉም አደገኛው ምክር ይህ ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የደም ቀይ ሕዋስን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል) የሌለው ወይም የሞተበት አሮጌ የቤንዚን መኪና ቆሞ ሲሠራ ከሚያወጣው ጋዝ ውስጥ በመቶኛ የሚቆጠር ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል። የናፍጣ ሞተር በጣም ያነሰ ያወጣል፤ ያነሰ ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም።

አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ መግቢያው ብዙ ነው፦ የዛገ ወለል፣ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ገመዶች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ጎማቸው ሲወልቅ፣ የደረቀ የኋላ በር ላስቲክ። ማኒፎልዱ ጋ የሚተነፍስ ከሆነ ጭሱ በንፋስ ማስገቢያው በኩል በቀጥታ ሰው ፊት ላይ ይደርሳል። ረጅም መንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከመጠን ያለፈ ድብታ ከመጣና ከመኪናው ሲወርዱ ከቀለለ፣ መኪናው እስኪጠገን አይነዳ። መስኮት መክፈት መፍትሔ አይሆንም። የኋላ በር ተከፍቶ ሲነዳማ ከመኪናው ጀርባ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

የነዳጁ ነገርም አለ። ጭስ ማውጫው የሚገፋው በምት በምት ስለሆነ በሁለት ምት መካከል ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ያኔ ቀዳዳው አየር ይስባል። ቀዳዳው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። መኪናው ነዳጅ በላ ተብሎ ካንዴላና ማጣሪያ ሲቀየር፣ ጥፋቱ አንዲት የተቃጠለች ጋስኬት ሆና ትገኛለች። ካርቡሬተር ባለው መኪና ላይ ይህ ችግር የለም፤ እዚያ ምልክቱ ቤንዚን ሲለቀቅ የሚሰማው ፍንዳታ ነው።

2. «በእጅዎ ዳብሰው ያግኙት»

በሚሠራ ሞተር ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ቀዳዳውን ሳያገኝ መዳፉን ያቃጥላል። ሙያው የሚያውቃቸው ቀላልና ነጻ መንገዶች አሉ።

መጀመሪያ ዓይን። ጭስ የሚተነፍስበት መገጣጠሚያ ዙሪያ ጥቁር ወይም ግራጫ ጥላሸት ይታያል። ቀጥሎ ጆሮ፦ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ካደረ በኋላ ሲነሣ ከፊት «ጢቅ ጢቅ» የሚል፣ ቤንዚን ሲሰጡት የሚፈጥን፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ጥርጣሬው ወደ ማኒፎልዱ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ተስፋፍቶ ስንጥቁን ይዘጋዋል። ስለዚህ መካኒክ ጋ በሞቀ ሞተር ሄዶ «ድምፅ አለው» ማለት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ መኪናውን አሳድሮ ጠዋት እዚያው ማስነሣት ይሻላል።

የጨርቅ ፈተና፦ ከቤት ውጭ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሣል። ሌላው ወፍራም ጓንት አድርጎ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ይይዛል። ቧንቧው ደህና ከሆነ ግፊቱ ጨርቁን ይገፋል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ግፊቱ የማይሰማ ከሆነ ሌላ መውጫ አለው ማለት ነው፤ ፉጨቱ ቦታውን ይናገራል።

ከሁሉም የሚታመነው የሳሙና ውኃ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ሳለ አየር የሚነፋ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን መውጫውን በጨርቅ አጥብቆ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጋር ማገናኘት፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጦ በየመገጣጠሚያው መርጨት። አረፋ የሚያወጣ ቦታ ላይ በኖራ ምልክት ይደረግ። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ይገኛል፤ አንዱን ብቻ ደፍነው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው።

ከሥር ለመግባት ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት መቆሚያ) ከሌለ አይገባም።

3. «የለስላሳ ጣሳና ፋሼታ የትም ይሠራል»

የለስላሳ ጣሳ አሉሚኒየም ነው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ቢሆንም ጥንካሬውን የሚያጣው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ከብረት ቧንቧ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ራሱ ይበላል። ከማርሚታው ወዲያ ባለው የጫፍ ቧንቧ ላይ ለጊዜው ያስኬዳል። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ወደ ሞተሩ ባለው በኩል ግን አይሞከር።

የታሸገ ምግብ የሚመጣበት የብረት ቆርቆሮ በሁሉም ይበልጠዋል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቧንቧውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ መፈግፈግ። ከዚያ በቀዳዳው ዙሪያ በመፍቻ ጫፍ ወይም በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ፤ «ድም» የሚል የሞተ ድምፅ ካለ ወይም ብረቱ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ሽፋኑ የሚያርፍበት ጤነኛ ብረት የለም። ጤነኛ ከሆነ ቆርቆሮውን ከቀዳዳው ግራና ቀኝ 4 ሴንቲሜትር እንዲተርፍ፣ ርዝመቱ ደግሞ ቧንቧውን አንድ ተኩል ጊዜ እንዲዞር አድርጎ መቁረጥ። የውጭ ስፋቱ 48 ሚሊሜትር ለሆነ ቧንቧ ርዝመቱ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ከሥሩ የጭስ ማውጫ ማጣበቂያ በስሱ መቀባት፣ የቆርቆሮው መደራረቢያ ከቀዳዳው በተቃራኒ በኩል እንዲውል መጠቅለል፣ ከዚያ በሦስት ፋሼታ ማሰር፦ ሁለቱ ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ገባ ብለው፣ አንዱ መሀል። ፋሼታው ብሎኑ ጭምር የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ቀበቶው ብቻ የማይዝግ የሆነው ብሎኑ ዝጎ ይላቀቃል። የዩ ቅርጽ ያለው ማሰሪያ ለዚህ አይሆንም፤ ሲጠብቅ የዛገውን ቧንቧ ጨፍልቆ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። እንዲህ የተሠራ ልጣፍ ወራት ይቆያል፤ ዓመት ቢቆይ ዕድል ነው።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ከጣሳው ብዙም የማይበልጥ ወጪ ያለው መንገድ አለ። የተበላውን ክፍል በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆርጦ ማውጣት፣ በሁለቱም በኩል ጤነኛ ብረት እስኪገኝ መጓዝ፣ ከዚያ የውስጥ ስፋቱ ከነባሩ ቧንቧ የውጭ ስፋት ጋር የሚገጥም አጭር ቧንቧ ከሁለቱም ጫፍ 5 ሴንቲሜትር እንዲደራረብ አድርጎ ማስገባት፤ መደራረቢያውን ማጣበቂያ ቀብቶ በሰፊ ቀበቶ ማሰሪያ ማጥበቅ። ብየዳ የለውም፣ ለዓመታት ያገለግላል። ቧንቧ ሲገዛ በግምት አይሆንም፤ ስፋቱ በካሊፐር ይለካ፣ ዝገቱ ከተፈገፈገ በኋላ።

4. «ማጣበቂያው ሲወፍር ይሻላል»

ተገላቢጦሽ ነው። የጭስ ማውጫ ማጣበቂያ አብዛኛው ሶዲየም ሲሊኬት መሠረት ያለው ሲሆን የሚጠነክረው ውኃውን ሲያጣ ነው። ወፍራም ሲሆን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውኃው ውስጥ ይታፈናል፤ ሞተሩ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ልጣፉን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ግትር ነው፤ መወዛወዝ አይችልም።

ድጋፍ ሳይኖረው እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ ለሚበልጥ ከላይ የተባለው ቆርቆሮ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ያስፈልጋል። ቧንቧው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ተፈግፍጎ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ማጣበቂያው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ኖሮት ከቀዳዳው 2 ሴንቲሜትር ዙሪያውን ይለፍ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ሞተሩ ቤንዚን ሳይሰጠው ለ10 ደቂቃ ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ይብረድ፤ ካስፈለገ ሁለተኛ ስስ ንብርብር ይጨመር። የብዙው ሰው ልጣፍ የሚበላሸው እንደቀባ ተነሥቶ ስለሚነዳ ነው።

በሽቦ የተጠለፈው ተጣጣፊ ቧንቧ ላይ ማጣበቂያም ጣሳም አይሠራም። የተፈጠረው ለመወዛወዝ ነውና የለጠፉበትን ሁሉ ይሰብራል። ተቆርጦ በአዲስ ይተካ፤ ከመተካቱ በፊት ግን የሞተሩ ማሰሪያ ጎማዎች ይታዩ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲንቀጠቀጥ አዲሱንም ይቀደዋል።

5. «በጋስኬት ፈንታ ቀይ ሲሊኮን»

ቀዩ ሲሊኮን ያለማቋረጥ የሚችለው 260 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከ300 በላይ ሊቋቋም ይችላል። ማኒፎልዱ ፊት ላይ ሲደርስ አመድ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ተራ ሲሊኮን ሲሞቅ የሚያወጣው ትነት የኦክስጅን ሴንሰሩን ጫፍ ሸፍኖ መግደሉ ነው። አንዲት ጋስኬት ለማዳን ከእሷ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ሴንሰር ይሠዋል። የመኪናው ርካሽ ክፍል ጋስኬት ነው፤ ቁጠባ እዚህ ላይ አይጀመርም።

ጽሑፉ በዚሁ ነጥብ ሥር ስፕሪንግ ያላቸውን ሁለት ቡሎኖች «አጥብቆ በሚይዝ ተራ ቡሎን ይቀይሩ» ይላል። ይህ መገጣጠሚያ ክብ ቀለበት ጋስኬት ያለው ሲሆን ስፕሪንጉ የተደረገለት ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲያጋድል መገጣጠሚያው እንዲከተለው ነው። በግትር ቡሎን ከታሰረ ጭነቱ ወደ ማኒፎልዱ ይሄዳል፣ ማኒፎልዱም ይሰነጠቃል። የላሸቀ ስፕሪንግ በስፕሪንግ ነው የሚተካው።

6. «የተሰነጠቀ ማኒፎልድ በኤፖክሲ»

ተራው ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ከ300 ዲግሪ በታች ያበቃለታል። ከፍተኛ ሙቀት ይችላሉ የሚባሉት የሴራሚክ ማጣበቂያዎች ሙቀቱን ቢችሉም ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ አይከተሉትም።

ከመፍረዱ በፊት በእርግጥ ማኒፎልዱ መሰንጠቁ ይጣራ። ብዙ ጊዜ የተሰበረው አንድ ስታድ (ማኒፎልዱን ከሞተሩ ጋር የሚያስር ራስ የሌለው ቡሎን) ነው፤ ጽሑፉ «የቀሩት ይይዙታል» ብሎ ያልፈዋል። አይዙትም፦ ጫፍ ላይ ያለ ስታድ ሲበጠስ ብረቱ ቀስ በቀስ እየተቀለበሰ ጋስኬቱ በዚያ በኩል ይቃጠላል። ለመፍታት ከቀናት በፊት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት መርጨት፤ ዳዶው ሲፈታ እምቢ ካለ መጀመሪያ ጥቂት ማጥበቅ፣ ከዚያ ጥቂት መፍታት፣ እያመላለሱ። በዘይት በተነከረ ቦታ ላይ እሳት አይለቀቅ። ተበጥሶ ጉቶው ብቅ ያለ ከሆነ ዘይቱን ጠርጎ ካጸዱ በኋላ ዳዶ አስቀምጦ በመሀሉ መበየድ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሙቀቱ ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል። ከቴስታታው (ማኒፎልዱ ከሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር እኩል ተቆርጦ የቀረ ከሆነ መሰርሰር የባለሙያ ሥራ ነው፤ መሰርሰሪያው ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ካመለጠ ርካሽ የነበረው ሥራ ቴስታታ ወደ ማውረድ ይሄዳል።

ማኒፎልዱ ሲወርድ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አድርጎ ክፍተቱን በስስ መለኪያ ላሜራ ማየት ይገባል። 0.3 ሚሊሜትር የሚያልፍ ከሆነ መላግ አለበት፤ አዲስ ጋስኬት ብቻውን አይዘጋውም። ሲገጠም ከመሀል ወደ ጫፍ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠብቃል። መመሪያ ካልተገኘ ለ8 ሚሊሜትር ስታድ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ለ10 ሚሊሜትር ከ35 እስከ 45 የተለመደ ነው።

በእርግጥ የተሰነጠቀ ከሆነ ርካሹ ነገር ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ማኒፎልድ ነው። ቀልጦ የተቀረጸ የብረት ማኒፎልድን መበየድ ይቻላል፤ ለሁሉም በያጅ ግን አይሰጥም። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊሜትር ይበሳሉ፣ ስንጥቁ ይቦረቦራል፣ ማኒፎልዱ በሙሉ አስቀድሞ ይሞቃል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየተበየደ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ይደረጋል፣ በመጨረሻም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። «አምጣው አሁን እመታልሃለሁ» የሚል በያጅ ጋ የተሠራው ከስፌቱ ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።

7. «የማርሚታውን ታችኛ ቀዳዳ ይድፈኑ»

ብዙ ማርሚታዎች ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የምትሆን ክብ ቀዳዳ ፋብሪካው ራሱ ያደርጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና ላይ ይህ ውኃ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ያቺ ቀዳዳ ማፍሰሻው ናት። ከተደፈነች ማርሚታው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ጠርዟ የተስተካከለ ክብ ከሆነች ትተው። የተቦጫጨቀችና ዙሪያዋ የሳሳ ከሆነች ዝገት ናት።

8. «ማንጠልጠያው በሽቦ ይታሰር»

እስከ ቤት ለመድረስ፣ አዎ። ከዚያ ወዲያ ሽቦ የሞተሩን መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ያስተላልፋል፤ ቧንቧውንም ከመገጣጠሚያው ጋ ይሰብረዋል። አዲሱ ማንጠልጠያ ጎማ በሳሙና ውኃ ሲረጥብ በቀላሉ ይገባል።

9. «መኪናው ላይ እንዳለ ይበየድ»

ግማሹ ትክክል ነው። ቧንቧዎቹ መኪናው ላይ ተሰካክተው፣ ማንጠልጠያዎቹ ገብተው፣ በነጠብጣብ ብየዳ መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ሲመለስ አይገጥምም፣ ወለሉን ይመታል። ሙሉው ስፌት ግን ወርዶ መሬት ላይ ይሠራ። ላይ እንዳለ የቧንቧው የላይኛው ግማሽ አይታይም፣ የሚተነፍሰውም ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ነጠብጣቡም ቢሆን ጥንቃቄ አለው። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀል። የብየዳው መሬት ገመድ እዚያው ቧንቧው ላይ፣ በተፈገፈገ ብረት ላይ ይያዝ፤ ሩቅ ከተያዘ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በሞተሩ ተሸካሚዎችና በሴንሰሮች በኩል መንገድ ይፈልጋል። ነዳጅ ታንከሩ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎቹ ቅርብ ከሆኑ እዚያ አይበየድም፣ ይፈታና ውጭ ይሠራል። እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ ይኑር፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሥሩ ያለው ቅብና ምንጣፉ ይጠበቅ።

የጭስ ማውጫ ቧንቧ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ነው። በ2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድና ከ40 እስከ 60 አምፔር፣ አጭር አጭር እየተደረገ ይያዛል፤ በወፍራም ኤሌክትሮድ የሚሞክር በያጅ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ሌላ ከሌለ ዚንኩ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ይፈግፈግ፣ ሥራውም ንፋስ ባለበት ይሁን።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ሥራው ሲያልቅ የሳሙናው ውኃ እንደገና ይረጭ። የመጀመሪያው ሙቀት ብረቱን ስለሚያሰፍረው ሞተሩ በርዶ ፋሼታዎቹና የቧንቧው መገጣጠሚያ ዳዶዎች አንድ ጊዜ ይጥበቁ፤ ከሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ ይታዩ።